አንዲት ቃል ሳልናገር

አሰላ፣ ኅዳር 19 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣ እኔም ላሳደግሁህ፤

ዝናቡ ቆሞ ሰማዩ ከጠራ ወዲህ እንዴት ሰንብተሃል? ያ ሳልህ ለቀቀህ ወይ? የበቆጂ ብርድ ከእኛው የባሰ ስለሆነ የሠራሁልህን ሹራብ ከኮትህ ሥር ልበሰው፤ ሻንጣ ውስጥ አጣጥፎ ማስቀመጥ ማንንም አያሞቅም። ባለቤትህና ትንሿ ልጅስ ደኅና ናቸው? ስትጽፍላቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ። እኔ ጉልበቴን ከሚያመኝ በቀር ደኅና ነኝ፤ ዓይኔም ያለ መነጽር መርፌ ያስገባል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እዚህ ገብሱ እየታጨደ ነው። ከዲክሲስ የሚመጣው መንገድ ሁሉ ጭነት ብቻ ሆኗል።

ይህን ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሦስት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። የመጀመሪያው ሰበብ በዛበት። ሁለተኛው አጠረና ምንም ሳይናገር አለቀ። ሦስተኛው አምሮ ተጻፈ፤ የበለጠ ያሳፈረኝም እሱ ነው። ስለዚህ አሁን እንደ መጣልኝ እጽፋለሁ። ስርዝ ድልዝ ብታገኝበት በልጅነትህ እኔ በአንተ ደብተር ላይ አደርግ እንደ ነበረው በቀይ አስምርበት።

የምጽፍልህ ስለ ዙቤዳ ነው።

ትናንት ከበቆጂ እህል ጭኖ የመጣ አንድ ሾፌር ወፍጮ ቤቱ አጠገብ ቆሞ ለጓደኞቹ ሲያወራ ሰማሁት። «አሰላ ዱቄት ፋብሪካ ያለች አንዲት ሴት፣ ያውም የደኅንነት ተጠሪ ተብላ የተመረጠችው፣ ሻርፕ እንዳታደርጊ ተብላ ተነግሯት፣ ማጌጥ አምሯት እጇን አስበላች» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ «ለሞተሩ ልትታይ ነዋ» አለ፤ የባሰ ሳቁ። ማን እንደ ነገረው ስጠይቀው ከአዲስ አበባ የመጣው የሠራተኞች ማኅበሩ አስተማሪ በትምህርቱ ላይ በምሳሌነት ያነሣው ነው አለኝ። ማጌጥ አምሯት ብለህ አንተ እንዳልተናገርህ አውቃለሁ። ያ መንገድ ላይ የተጨመረ ነው። የቀረውን ግን ካንተ ሰምቷል፤ አንተም ከእኔ ሰምተሃል።

እንግዲህ የሰማኸው ምን እንደ ሆነ ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ከመስቀል በኋላ ባሉት ሁለት ቅዳሜዎች ከገበያው ጀርባ በተከራዩት የማኅበሩ ክፍል ያስተማርኸውን አትረሳውም። እኔንም እንደ እንግዳ ከፊት ወንበር አስቀመጥኸኝ። የስፌት መኪናዬን ተውሰህ ጠረጴዛ ላይ አኖርህና የአሮጌ ነጠላ ቅዳጅ በመዘውሩ ላይ ጣል አድርገህ ስታሽከረክረው፣ ጨርቁ ተጠምጥሞ ዓይናችን እያየ ገባ። ካቦው ገብረወልድ ከኋላ ሆኖ «ይኸ የሴት መኪና ነው። የእኛ ሞተር ሰው ያውቃል፤ እኔን ይኸው ዐሥራ አንድ ዓመት» አለ። አንተም «ጋሽ ገብረወልድ፣ ካወቀዎትማ እስቲ የግራ እጅዎን ጣቶች ጮክ ብለው ይቁጠሩልን» አልኸው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀና ያን አራት ጣት ብቻ የቀረውን እጁን ኪሱ ከተተ። በዚያች ሰዓት እንዴት እንደ ኮራሁብህ።

ቀጥሎ አራተኛውን ደንብ አነበብህ። በሞተሩ ክፍል ውስጥ ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ጋቢ ወይም ማንኛውንም የተንጠለጠለ ልብስ መልበስ ክልክል ነው፤ ልብሱ በሩ አጠገብ ባለው ሚስማር ላይ ይሰቀላል። ያን ጊዜ ዙቤዳ እጇን እንደ ተማሪ አውጥታ ተነሣች። «ትልቅ ሰው ቢመጣስ?» አለች። አንተ አልገባህም ነበር። «ማለቴ፣ ሻርፔ ሚስማር ላይ ተሰቅሎ፣ እጅጌዬን ጠቅልዬ፣ ትልቅ ሰው ፊት እንዴት እቆማለሁ? በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ በእናንተም ነውር ነው» አለች። ያቺ ነገረኛ የሥራ ጓደኛዋ ተሻለች ከጎኗ «አማቷ ሊጎበኟት ነው» አለች። ዙቤዳም ሳትስቅ «አማቴ ቢመጡማ ጆንያው ውስጥ ነው የምገባው» ብላ መለሰች።

ሳቁ ሲበርድ አንተ እንዲህ አልህ፤ ቃል በቃል ይዤዋለሁ። «ቄስም ይምጣ፣ ሼኽም ይምጣ፣ ንጉሥም…» ብለህ የፋብሪካው ጸሐፊ በሩ ላይ ቆሞ ስታየው «ደጃዝማችም ይምጣ» ብለህ አስተካከልኸው። «ራስሽን ነቅነቅ አድርጊ፣ ያ ይበቃል። ክብር ከሞተሩ ክፍል ውጭ ይሰጣል።» ሰዎቹ አጨበጨቡ። እኔ ጉሮሮዬን ጠረግሁ። ልጅ ባሳደግሁበት ቤት እንዲህ ያለ ቃል አልነበረም ብዬ በልቤ አዘንሁብህ። ክብር በክፍል ይለያል ወይ አልሁ።

ያደግሁበትን ታውቃለህ። በአዳሪ ትምህርት ቤት ታላቅ ሰው ሲገባ ወንበሯን ያንኳኳች ልጅ እስከ ማታ ደወል ድረስ ቆማ ትውላለች። ነጠላዋን በወጉ ያላጣፋች ማዕድ አትቀርብም። እኔም ከዚያ ወጥቼ ሠላሳ አንድ ዓመት እያስተማርሁ በዚያው መስፈሪያ የሰው ልጅ ሰፈርሁ። ስለ ሥራ የማውቀው ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ዱቄት የት እንደሚፈጭ እንኳ ገብቼ ያየሁት አንተ ደንቦቹን በካርቶን ላይ ጻፊልን ካልኸኝ ወዲህ ነው።

ዐሥሩንም ደንቦች በቀለም ጽፌ ሰጠሁ። አራተኛውን የጻፍሁት እኔ ነኝ። ያን እንዳትረሳ።

ጥቅምት 2 ቀን፣ ሐሙስ፣ ጓደኛዬ ወይዘሮ የሺሃረግ ዱቄት ልትገዛ ስትሄድ አብሬያት ሄድሁ። ካርቶኑ ተጣሞ ተሰቅሏል ብለውኝ ስለ ነበር ላስተካክለው ፈለግሁ። እውነቱን ስነግርህ ግን ጽሕፈቴን የሺሃረግ እንድታይልኝ ነው የፈለግሁት። ከሱም ይልቅ ዙቤዳን ላሳያት ፈለግሁ። ፊደል የቆጠረችው እኔ ቤት ነው፤ ሃያ ሰባት ዓመት ሆኗት መጥታ በስምንት ወር ማንበብ የቻለች እሷ ብቻ ናት። ከተማሪዎቼ ሁሉ አንዲት አሳዪ ብባል እሷን ነበር የማሳይ።

በሩ ላይ ቆምን። የሞተሩ ጩኸት ጆሮ ይደፍናል። ዙቤዳ ስንዴው በሚፈስበት አፍ አጠገብ ቆማ በአንድ እጇ ስንዴውን ታስተካክላለች፣ በሌላው ገለባ ታወጣለች። ሻርፗ ሚስማሩ ላይ ነው። ሻሿን ወደ ኋላ ቋጥራ፣ እጅጌዋን እስከ ክርን ጠቅልላለች፤ ልክ አንተ እንዳልኸው። አየችንና ፈገግ ብላ ራሷን ነቀነቀች። ልክ አንተ እንዳልኸው።

የሺሃረግ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ተማሪሽ ይህች ናት? መልካም ቀጥተሻታል» አለች። የሺሃረግን ታውቃታለህ፤ ስታመሰግን ነው የምትቆርጠው። ፊቴ ጋለ።

ልጄ፣ ከዚህ በኋላ የሆነውን ለስድስት ሳምንት ለራሴ ስተርከው «አንዲት ቃል አልተናገርሁም» እያልሁ ነው። እውነት ነው፤ ብናገርስ በዚያ ጩኸት ማን ይሰማል። ያደረግሁት ይህ ነው። ዙቤዳን ትክ ብዬ አየኋት። ከዚያ የራሴን ነጠላ ጫፍ በሁለት ጣቴ ይዤ ትከሻዬ ላይ አስተካከልሁ። ይኸው ነው። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ ያ ምልክት ያልገባው አንድም ተማሪ የለም።

ዙቤዳም ገባት። ፈገግታዋ ጠፋ። ሥራዋን ለቅቃ ሻርፗን ከሚስማሩ አወረደች፤ ትከሻዋ ላይ አደረገች፤ ሁለቱንም ጫፍ ወደ ፊት ለቅቃ፣ እንደ ወጉ ዝቅ ብላ እጅ ነሣችኝ። የቆመችበት ቦታ ቺንጋው፣ ያ የሞተሩ ቀበቶ፣ ከመዘውሩ ጋር የሚገናኝበት አጠገብ ነበር። የሱ መከለያ ሳንቃ ደግሞ ለቅባት ተነሥቶ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። እሷ ስታጎነብስ እኔ ራሴን ነቅንቄ ሰላምታዋን ተቀበልሁ። ወደ የሺሃረግም ዞር አልሁ፤ አየሽ ለማለት።

ጩኸቱን የሰማሁት ዞሬ ሳለሁ ነው።

ተሻለች ናት ሮጣ ሞተሩን ያጠፋችው። ገብረወልድ ሻርፑን በቢላዋ እየቀደደ «አላህ፣ አላህ» ይላል፤ ክርስቲያን ነው፣ ግን እሷ የምትለውን ነበር የሚለው። እኔስ? እኔ ወጣሁ። የሺሃረግ ክንዴን ይዛ ስትጎትተኝ ወጣሁ። በሩን ስሻገር ወለሉ ላይ የፈሰሰው ዱቄት እንዳይነካው የቀሚሴን ጠርዝ በእጄ ሰብስቤ ነበር። ከዚያ ቀን ሁሉ ውስጥ የማይለቀኝ ይህ ነው። የአንዲት ሴት እጅ ከክርኗ በታች ሲሄድ እኔ ቀሚሴን ከዱቄት አዳንሁ።

ቅዳሜ አንተ ስለ አደጋው ልትጽፍ ከአዲስ አበባ መጣህ። ፋብሪካው አርፍደህ ለምሳ እኔ ዘንድ ገባህ። «አክስቴ፣ ሐሙስ ዕለት እዚያ ደርሰው ነበር?» አልኸኝ። «ቀደም ብዬ ወጥቻለሁ» አልሁህ። ዳግመኛ አልጠየቅኸኝም። ቀና ብለህም አላየኸኝም። ወጡ ቀዝቅዞ ሳለ «ጣፋጭ ነው» አልህና ሁለት ጉርሻ በልተህ ተነሣህ። ከስድስት ዓመትህ ጀምሮ ሳህን ላይ ምግብ ትተህ የተነሣኸው ያን ቀን ብቻ ነው።

ዙቤዳ ሐኪም ቤት ሳለች አራት ጊዜ ሾርባ ወስጄላታለሁ። እናቷን ወይዘሮ ከዲጃን አንተ አታውቃቸውም፤ አማርኛ ብዙ አይሆንላቸውም። በሄድሁ ቁጥር ትከሻዬን እየሳሙ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» ይሉኛል። ልጃቸው ፊደል ስለ ቆጠረችም ስለ ሾርባውም አንድ ላይ ነው የሚያመሰግኑኝ። እኔም «ምንም አይደል» እላለሁ። የማኅበሩ ሰዎች መጥተው ሻርፑን ለምን እንደ ለበሰች ሲጠይቋት እኔ ሾርባውን እየቀዳሁ ነበር። «በረደኝ» አለች። ሊቀ መንበሩ አቶ ከዲሮ አንገቱን ደፋ። «አንቺን የመረጥነው እኮ ለሌላው ምሳሌ እንድትሆኚ ነው» አላት፤ በቁጣ አይደለም፣ በኀዘን ነው። እሷ ወደ ግድግዳው ዞረች። እኔ ሾርባውን ቀዳሁ፣ ሳህኑን ጠረግሁ፣ ማንኪያውን አስቀመጥሁ።

ይኸን ሁሉ ይዤ እስከ መቃብር መሄድ እችል ነበር ብዬ አስባለሁ። ቤተ ክርስቲያን እየሄድሁ፣ እየጾምሁ፣ ሾርባ እያመላለስሁ። ያላስቻለኝ ዙቤዳ ራሷ ናት።

ባለፈው ሐሙስ በጠዋት ቤቴ መጣች። ባዶውን እጅጌ በመርፌ ቁልፍ ይዛዋለች። ተቀመጪ ብላት አልተቀመጠችም። «እትዬ፣ ፊርማዬ ቀኝ እጄ ላይ ቀረ» አለችኝ። «በግራ ያስተምሩኝ። የምፈርመው ወረቀት አለኝ። አሻራ ስጪ አሉኝ፤ አሻራስ አልሰጥም። ጣት የሚነክረው ፊደል የማያውቅ ሰው ነው ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

በግራ እጃቸው የሚጽፉ ልጆችን ምን አደርግ እንደ ነበር አንተ ታስታውሳለህ። የሣህሌን ልጅ ትርፌን ግራ እጇን ከወንበሩ ጋር በመቀነት አስሬ በቀኟ ያስጻፍኋት እኔ ነኝ። አሁን ከዙቤዳ ጎን ተቀምጬ እርሳሱን በግራ ጣቶቿ መካከል አስያዝኋት። ወረቀቱ ይንሸራተታል፤ የሚይዝላት ሌላ እጅ የለም። እኔ ያዝሁላት። ሐሙስና ዓርብ ጻፈች። ዙ እየወደቀባት፣ ቤ እየተገለበጠባት። በልጅነቷ እንኳ እንዲህ አልተጣመመባትም ልል ነበር፤ በልጅነቷ ግን እርሳስ አልያዘችም። «እንደ አዲስ ማይም መሆን ያስቃል» ብላ ሳቀች። ሳቅሁ መሰለኝ።

ቅዳሜ ዕለት ተሻለችን አስከትላ መጣች። አሁን እችላለሁ ብላ ወረቀቱን ከጉያዋ አወጣች። የፋብሪካው ወረቀት ነው። አደጋው የደረሰባት የተለጠፈውን ደንብ ቁጥር አራት በመተላለፏ በራሷ ጥፋት መሆኑን አምና፣ ከሥራዋ በፈቃዷ የምትሰናበትና ወደ ፊትም ምንም የማትጠይቅ መሆኗን የሚናገር ነው። ሚዛን ቤት ተቀምጦ ጆንያ መመዝገብ በአንድ እጅ ይሠራል፤ ያን ስትጠይቅ «ደንብ ላፈረሰ ቦታ የለም» ብለዋታል። ወረቀቱን አንብበሽዋል ወይ አልኋት። «አንብቤዋለሁ እንጂ። እርስዎ አስተምረውኝ» አለች።

ከሥሩ ሌላ ወረቀት ተያይዟል። አንተ የጻፍኸው መግለጫ ነው። ጽሕፈትህን ለማወቅ ስምህን ማየት አላስፈለገኝም፤ እኔው ያስተማርሁት ነው። «በሥፍራው የነበረ ሌላ ሰው» ከሚለው ፊት ለፊት «ማንም የለም» ይላል።

ተሻለች በትከሻዬ ላይ አጎንብሳ አነበበችና «እንዴ፣ ይኸ እኛ የተናገርነው አይደለም» አለች። «እኔም ነግሬዋለሁ፣ ጋሽ ገብረወልድም ነግረውታል። ማን በሩ ላይ እንደ ቆመ፣ ምን እንዳሳየ። ጻፍሁት ብሎናል እኮ።» ዙቤዳ በዓይኗ ዝም አሰኘቻት። ተሻለች ተሳስታ ይሆናል። የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ ናት፤ ባለፈው ወር የተጫነውን ጆንያ የሾፌሮቹን ስም ጭምር በቃሏ ትነግርሃለች። ቢሆንም ሰው ይሳሳታል። እኔ በዚህ ላይ ከዚህ የበለጠ አልጽፍልህም።

ዙቤዳን ለምን በረደኝ አልሽ ብዬ ጠየቅኋት። ገርሟት አየችኝ። «ምን ልበል ታዲያ? እጅ ስነሣ ተበላሁ ልበል? ሰው ሲስቅብኝ ይኑር? ብርድ ይሻላል። ብርድ ማንንም አያሰድብም» አለች። ደግሞም «እርስዎም ቢሆኑ አንዲት ቃል አልተናገሩኝም» አለች። ፊቷን አየሁት። እያዳነችኝ ይሁን እየከሰሰችኝ መለየት አልቻልሁም። እኔ የሰው ፊት ማንበብ እስከዚህ ቀን አቅቶኝ አያውቅም።

ብዕሩን ከእጇ ወሰድሁ። ይኸን አትፈርሚም አልኋት። ለማኅበሩ ኮሚቴ ሄጄ ሁሉንም እናገራለሁ አልሁ። የሚያስደስታት መስሎኝ ነበር፤ ተቆጣች። በሕይወቴ ያን ያህል የተቆጣችኝ ተማሪ የለችም። «ስድስት ሳምንት የት ነበሩ?» አለችኝ። «ሾርባውን ሲያመጡ አፍ አልነበረዎትም? አሁን ሥራዬንም ስሜንም ከወሰዱብኝ በኋላ እርስዎ ነፍስዎን ሊያቀሉ ነው? እኔ ፈርሜ ልገላገል።» ተሻለች «ኧረ ቀስ፣ ትልቅ ሰው ናቸው» አለቻት። ዙቤዳም «አውቃለሁ። እጄን የበላው እሱ ነው» ብላ ወጣች። ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ትታው ነው የወጣችው።

እሑድን እንዴት እንዳሳለፍሁ አልነግርህም። ያየሁትንና ያደረግሁትን በሁለት ገጽ ጻፍሁ። ምልክቱን ጻፍሁ። የመከለያውን ሳንቃ ጻፍሁ፤ ሳንቃው ቢኖር እኔም ቢሆን እጇን ባላስቆረጥኋት ነበር፣ እሱ ደግሞ የእሷ ጥፋት አይደለም። የሺሃረግ እንደ ነበረች ጻፍሁ። እሷ «የሴት ነገር ወደ ሸንጎ ይወጣል ወይ» ብላ ልካብኛለች፤ አልመለስሁላትም። ቀሚሴንም ጻፍሁ፣ ከዚያ ግን ሰረዝሁት፤ እሱ ለኮሚቴ የሚሆን አይደለም፣ ላንተ ነው።

ሰኞ በጠዋት ዙቤዳ ከእናቷ ጋር ተመልሳ መጣች። ለእናቷ ሁሉንም ነግራቸዋለች። ወይዘሮ ከዲጃ በዚህ ጊዜ ትከሻዬን አልሳሙም፤ በሩ ላይ ቆመው ቀሩ። ዙቤዳ የጻፍሁትን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፤ ረጅም ጊዜ ፈጀባት። ሁለት ቦታ ላይ «እዚህ አለሳልሰውታል» አለችኝ፤ ትክክል ነበረች፣ ለወጥሁት። ከዚያ ከእኔ ጽሑፍ ሥር፣ ወደ ሥራዋ ልትመለስ የምትጠይቅበትን ሦስት መስመር በግራዋ ጻፈችና ስሟን አኖረች። መጨረሻው ወደ ላይ ሸሽቷል። ላቃናላት እጄን ዘርግቼ መለስሁት። ለማንበብ ይበቃል።

ወረቀቱን ለአቶ ከዲሮ ልሰጥ ወደ ፋብሪካው ሄድሁ። በሩ ላይ ቆምሁ። ሴቶቹ አዩኝ፤ ማንም ሥራውን አልለቀቀም፣ ማንም ሻርፕ አላነሣም፣ ራስም የነቀነቀልኝ የለም። ደንቡን ስላከበሩ ይሁን ስለ ናቁኝ አላውቅም፤ ለማወቅም አልጠየቅሁም። ሞተሩ ለምሳ እስኪቆም ድረስ ቆሜ ጠበቅሁ። አቶ ከዲሮ ሁለቴ አነበበው። «እትዬ፣ ይኸ ከተነበበ በኋላ በዚህ ከተማ እንዴት ይኖራሉ?» አለኝ። አላውቅም አልሁት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የእህትዎ ልጅስ? የእሱን መግለጫ ምን እናድርገው?» አለ። እሱን ራሱን ጠይቁት አልሁ።

የሥራ ጉዳይ ቢሮው ሰው ባለበት ነገሩ የሚሰማው ኅዳር 28 ቀን፣ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ፋብሪካው የያዘው ያንተን መግለጫና እኔ የጻፍሁትን ካርቶን ነው። እኔ የራሴን ቆሜ አነባለሁ፤ አሮጊት ናት፣ አእምሮዋ ደክሟል እንደሚሉኝ አቶ ከዲሮ ከወዲሁ ነግሮኛል። የእኔ ብቻ ከሆነ ላይበቃ ይችላል። ዙቤዳ ሚዛን ቤት መግባቷና አለመግባቷ በዚያ ቀን ይቆረጣል።

ልጅ ሆነህ ውሸት ስትናገር ጆሮህን ይዤ ግድግዳ ዳር አቆምህ ነበር፤ ለሰው ስትል የዋሸኸውንና ለራስህ ስትል የዋሸኸውን ለይቼልህ አላውቅም። ዛሬ እለያለሁ። ስለዚህ ወቀሳ አይደለም የምጽፍልህ። ባሳደግሁህ ዘመን ሁሉ የዚያን ቀን ምሳ ያህል ወድደኸኝ አታውቅም፤ እኔ ደግሞ እንደዚያን ቀን ያህል አልጎዳሁህም።

በቆጂ ያሉትንም ሰዎች ሳትመለስ አግኛቸው። ሴትዮዋ ለማጌጥ እንዳልለበሰች፣ ብርድም እንዳልነበረ ንገራቸው። ጥያቄውን በትምህርቱ ቀን አስቀድማ የጠየቀችው እሷ እንደ ሆነች ንገራቸው። መልሱን የሰማችውና ያልተቀበለችው አሮጊት ማን እንደ ሆነች ሲጠይቁህ አትሸፍን።

ረቡዕ ማታ ደርሰህ እዚሁ እደር፤ አልጋህ ተነጥፏል። ሹራቡን እንዳትረሳ። ብዕርህንም ይዘህ ና።

የእናትህ ነፍስ ትጠብቅህ። የምታስተምራቸው እጆች ሁሉ ሙሉ ሆነው ወደየቤታቸው ይግቡልህ። ልጅህም ካንተ አፍ የምትሰማውን አምና ታድግ። እኔንም እግዚአብሔር ታግሦ ለዚያች ሐሙስ ያድርሰኝ።

አክስትህ